ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ?

ለቃለ መጠይቅ የተጠራ አመልካች አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ማመልከቻውን የመረመሩት ሰዎች ሥራውን ሊሠራ ይችላል ብለው ባይገምቱ ኖሮ ጊዜ መድበው አይጠሩትም ነበር። ስለዚህ በዕለቱ ከእርስዎ የሚጠበቀው በወረቀት ላይ የሰፈረውን መድገም አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል እውነት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ በአንደበትዎ ማቅረብ ነው። ዝግጅት ማለትም በዋናነት ይህን ማስረጃ ከራስዎ የሥራና የትምህርት ዘመን ውስጥ ፈልጎ ማውጣት፣ ማጥራት፣ ከዚያም ያለ ችግር እስኪናገሩት ድረስ መለማመድ ነው። ብዙ ሰው ግን ያለውን ጥቂት ቀን የሚያጠፋው በተደጋጋሚ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ፈልጎ የሌላ ሰው መልስ በቃሉ በመያዝ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ጠያቂው «እስቲ ይህን በምሳሌ ያስረዱን» ባለ ቅጽበት ይፈርሳል፤ ምሳሌው በተዋሰው ጽሑፍ ውስጥ የለምና።

ጠያቂው ምን ይዞ ይቀመጣል?

በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ቃለ መጠይቁ ልቅ ጭውውት ነው፤ ጠያቂው የመጣለትን ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይም ባደረበት አጠቃላይ ስሜት ይፈርዳል። በሌሎች ዘንድ ደግሞ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ጠያቂም አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ለየመልሱ ነጥብ ይሰጣል። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመታት የምርምር ውጤቶችን አጠቃልለው ባሳተሙት ጥናት፣ በሥርዓት የሚመራው ቃለ መጠይቅ የሠራተኛን የወደፊት አፈጻጸም በመተንበይ ረገድ ከልቁ ቃለ መጠይቅ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙትን ስሌቶች እንደገና ሲፈትሹ ደግሞ ይኸው ዓይነት ቃለ መጠይቅ ከመረመሯቸው የምልመላ ዘዴዎች ሁሉ በአማካይ የፊተኛውን ቦታ ይዟል። በመሆኑም ቃለ መጠይቁ ልቅ ሊሆን እንደሚችል ባይዘነጉም፣ ዝግጅትዎን ነጥብ በሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ልክ ቢያደርጉት ለሁለቱም ይበቃዎታል።

ነጥብ የሚሰጥ ጠያቂ መመዘን የሚችለው የሰማውን ብቻ ነው። ይህ ቀላል ነገር ቢመስልም ብዙ ብቁ ሰው የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በተለይ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለዕድገት የሚወዳደሩ ሠራተኞች ጠያቂዎቹ ስለሚያውቋቸው «ይህንማ እናንተም ታውቁታላችሁ» ብለው መልሳቸውን ያሳጥራሉ፤ በቅጹ ላይ ግን «ታውቁታላችሁ» ለሚል መልስ የሚሰጥ ነጥብ የለም። ሲቪው ፊት ለፊታቸው ተዘርግቶ ቢሆን እንኳ፣ ያልተናገሩትን ነገር ጠያቂው ከወረቀት ላይ ፈልጎ ይሞላልኛል ብለው አይጠብቁ።

ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይመጣሉ። አንደኛው ያለፈውን የሚጠይቅ ነው፤ «ተቆጥቶ የመጣ ደንበኛ ያስተናገዱበትን አጋጣሚ ይንገሩን» ይባላሉ። ሁለተኛው ያልተከሰተውን የሚያስገምት ነው፤ «ተቆጥቶ የመጣ ደንበኛ ቢያጋጥምዎ ምን ያደርጋሉ?» ይባላሉ። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። ለሁለተኛው ቅደም ተከተል ያለው አካሄድ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያ ምን እንደሚያጣሩ፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርጉ፣ በራስዎ ሥልጣን የሚወስኑት የቱ እንደሆነና ለኃላፊ የሚያሳውቁት የቱ እንደሆነ ለይተው ይናገራሉ። ተመሳሳይ ነገር ገጥሞዎት የሚያውቅ ከሆነ በመጨረሻ እሱን ማከል መልሱን እጅግ ያጠነክረዋል።

ማስታወቂያውን እንደ ጥያቄ ወረቀት ማንበብ

የሥራ ማስታወቂያው አንድ ጊዜ ታይቶ የሚተው ወረቀት ሳይሆን ጥያቄዎቹ የሚወጡበት ምንጭ ነው። የማመልከቻ ጊዜው ሲያበቃ ከተለጠፈበት ሊነሣ ስለሚችል ባመለከቱበት ቀን ቅጂውን ያስቀምጡ። ከዚያም አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለው በግራው ወገን ማስታወቂያው የጠየቀውን እያንዳንዱን ነገር በየመስመሩ ይጻፉ፤ የትምህርት ደረጃውንና የአገልግሎት ዘመኑን ብቻ ሳይሆን በዋና ዋና ተግባራት ሥር የተዘረዘሩትንም ይጨምሩ። በቀኙ ወገን ከእያንዳንዱ ትይዩ ያንን ነገር መቼና የት እንደሠሩት የሚያሳይ አንድ እውነተኛ አጋጣሚ በአጭሩ ያስፍሩ።

ማስታወቂያዎች የሚጻፉበት ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ጉዳይ መፈለግ ይኖርብዎታል። «ከተለያዩ የሥራ ክፍሎች ጋር ተባብሮ የሚሠራ» የሚለው ሐረግ በተራ ቋንቋ ሲፈታ፣ ሥራዎ በእጅዎ ብቻ የማያልቅ መሆኑን፣ በእርስዎ ሥር ካልሆኑ ሰዎች መረጃ እየለመኑ እንደሚሠሩ፣ መዘግየታቸውም በእርስዎ ላይ እንደሚቆጠር ይነግርዎታል። ስለዚህ በቀኙ ወገን የሚጻፈው «ተግባቢ ነኝ» የሚል ቃል ሳይሆን፣ ሊታዘዝልዎት የማይገደድ ሰው የሚፈልጉትን ነገር በወቅቱ እንዲሰጥዎት ያደረጉበት አጋጣሚ ነው። አንድ ሐሳብ በተለያየ ቃል ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተመለሰ፣ ቀደም ሲል በቦታው የነበረ ሰው የተቸገረበት ጉዳይ ሊሆን ይችላልና ከሌላው የበለጠ ይዘጋጁበት።

የቀኙ ወገን ባዶ የሚቀርበት መስመር መኖሩ አይቀርም። ባዶውን በሐሰት መሙላት ከሥነ ምግባር ጥፋትነቱ በላይ ለራስዎ አደገኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጠያቂዎቹ አንዱ የዚያ ጉዳይ ባለሙያ ነውና። ይልቁንም ለዚያ ነገር በጣም የሚቀርበውን የሠሩትን ሥራ ያግኙና ልዩነቱን ራስዎ ይግለጹት። በማስታወቂያው የተጠቀሰውን የሂሳብ ሶፍትዌር ነክተው የማያውቁ ከሆነ፣ የትኛውን ሌላ ሶፍትዌር እንደሚያውቁ፣ እሱን በምን ያህል ጊዜና እንዴት እንደተማሩት፣ ለዚህኛውስ ከወዲሁ ምን እንደጀመሩ ይናገሩ። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ካሉ ደግሞ በእርግጥ ይጀምሩት።

ማስረጃውን ወደ ታሪክ መለወጥ

ለየጥያቄው የተለየ መልስ ማጥናት አያስፈልግም። በደንብ የተሠሩ ከስድስት እስከ ስምንት የሚደርሱ ታሪኮች ካሉዎት አብዛኛው ጥያቄ ከእነሱ በአንዱ ይመለሳል። ከእነዚህ መካከል ቢያንስ አንዱ ያልተሳካ ሥራ፣ አንዱም ከሥራ ባልደረባ ጋር የተፈጠረ አለመግባባት ይሁን፤ ሁለቱ ሳይጠየቁ የሚታለፉት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ በአራት ደረጃ ቢሄድ ለሰሚ ይቀላል፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእርስዎ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረጉ፣ ውጤቱስ ምን ሆነ። ይህ አካሄድ በብዙ የምልመላ ባለሙያዎች ዘንድ ከእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ተወስዶ «ስታር» ይባላል። ከአራቱ ሰፊውን ቦታ መያዝ ያለበት ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ተወዳዳሪ ግን ሁኔታውን ሲዘረዝር ጊዜው ያልቅበትና ያደረገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

ልዩነቱን በቅርበት ለማየት አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ «በጊዜ ተጣበው የሠሩትን ሥራ ይንገሩን» ተባለች እንበል። አንደኛው መልስ ይህ ነው፦ «በሂሳብ ሥራ ጫና የተለመደ ነው፤ እኔ ደግሞ ጫና አይከብደኝም። ባለፈው መሥሪያ ቤቴም ሁልጊዜ ሥራችንን በጊዜው እናጠናቅቅ ነበር።» በዚህ መልስ ውስጥ ሐሰት ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ማንኛዋም የሂሳብ ሠራተኛ ቃል በቃል ልትለው ስለምትችል ጠያቂው በቅጹ ላይ የሚጽፈው ነገር አያገኝም።

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የዓመቱ ሂሳብ ሊዘጋ 10 ቀን ሲቀረው የሥራ ባልደረባዬ ታማ ፈቃድ ወጣች፤ በእሷ እጅ የነበረው የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ለእኔ ተሰጠኝ። ያልታረቀው የ4 ወር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማስታረቁን ሳልጀምር የ4ቱንም ወራት የባንክ መግለጫ ከመዝገባችን ጋር አነጻጽሬ ልዩነቱ የት እንደበዛ ለየሁ። አብዛኛው በሁለት ወራት ውስጥ ያለ መሆኑን ሳይ በእነሱ ጀመርኩ። የራሴ ወርኃዊ ሪፖርት በ3 ቀን እንዲዘገይልኝም ምክንያቱን ገልጬ ኃላፊዬን ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ። ሂሳቡ በቀኑ ተዘጋ። ምንጩ ያልታወቀ አንድ ልዩነት ቀርቶ ስለነበር እሱን በማስታወሻ ለይቼ ለኦዲተሮቹ አስረከብኩ።»

የሁለተኛው መልስ ጥንካሬ ከርዝመቱ የመጣ አይደለም። ጠያቂው ከመልሱ ውስጥ ሠራተኛዋ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት እንደምትመረምር፣ የሚቀድመውን እንደምታስቀድም፣ የማትችለውን ሸክም በዝምታ ከመሸከም ይልቅ ለኃላፊዋ በጊዜ እንደምትናገር ይረዳል፤ እሷ ግን ስለ ራሷ አንዲት የምስጋና ቃል አልተናገረችም። ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ያልተፈታውን ልዩነት መግለጿ የቀረውን ሁሉ እንዲታመን ያደርገዋል፤ ለሂሳብ ሥራም ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ያለ አይመስለኝም። «ኃላፊዎ ባይፈቅዱ ኖሮስ?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ቢመጣባት የኖረችበትን ነገር ስለሆነ የምትናገረው አትደናገጥም።

በዚህ ላይ አንድ የአነጋገር ጉዳይ አለ። ከትሕትና የተነሣ «ሠራን፣ አጠናቀቅን፣ አሻሻልን» ማለት ይቀናናል። በኑሮ መካከል የሚመሰገን ጠባይ ቢሆንም በቃለ መጠይቅ ላይ የእርስዎን ድርሻ ከእይታ ይሰውረዋል፤ የሚቀጠረው ቡድኑ ሳይሆን እርስዎ ነዎትና። የጋራ የሆነውን «እኛ» ብለው ባልደረቦችዎን አመስግነው፣ የራስዎ የሆነውን ደግሞ ሳያፍሩ «እኔ» ይበሉ። ልከኛ ሆኖ እውነቱን መናገር ጉራ አይደለም። በሌላ ወገን፣ ባልደረባዎ የሠራውን በ«እኔ» ማቅረብ ስርቆት ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ተከታይ ጥያቄ ላይም ይጋለጣል።

ቁጥር መልስን ያጠነክራል፤ በትክክል የማያስታውሱትን ግን «በግምት» ብለው ይናገሩ። የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን የደንበኞች ስም፣ የውል ዋጋ ወይም ያልወጣ ዕቅድ ታሪክዎን ለማሳመር አይዘርዝሩ፤ የሌላውን ምሥጢር በቀላሉ የሚያወጣ ሰው ነገ የእኛንም ያወጣል ብሎ የማያስብ ጠያቂ የለም። አንድ ታሪክ ከሁለት ደቂቃ ብዙም ባይበልጥ መልካም ነው፤ ዝርዝር ከተፈለገ ይጠይቁዎታል።

የሥራ ልምድ የሌለው አዲስ ተመራቂ «እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» ሊል ይችላል። የመመረቂያ ጥናቱን ሲያካሂድ መረጃ የከለከለው ክፍል ነበረ፤ በቡድን ሥራ ላይ ድርሻውን ያልተወጣ ጓደኛ ነበረ፤ በተግባር ልምምድ፣ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወይም በቤተሰብ ንግድ ውስጥ ኃላፊነት ወስዶ የፈጸመው ነገር ይኖራል። ለጀማሪ የሥራ መደብ የሚጠይቁ ሰዎች የሚፈልጉት ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ የተሰጠውን ነገር እንዴት እንደያዘው ማየት ነው።

ስለ ቀጣሪው ማወቅ

ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራና በቅርብ ጊዜ ምን አዲስ ነገር እንደጀመረ ከድረ ገጹ፣ ካለው ከዓመታዊ ሪፖርቱና ከዜና አጣርተው ይሂዱ። የሚሸጠው ወይም የሚሰጠው ነገር ለሕዝብ ክፍት ከሆነ አንድ ጊዜ ራስዎ ይገልገሉበት። የዚህ ሁሉ ዓላማ የተቋቋመበትን ዓመት በቃል ለመድገም ሳይሆን «ለምን እኛ ጋር ለመሥራት ፈለጉ?» ለሚለው ጥያቄ ከሙገሳ የተለየ መልስ ለማግኘት ነው። «ስመ ጥር ድርጅት ስለሆነ» የሚለው መልስ ለየትኛውም ድርጅት ይሆናል፤ ከሥራው አንድ የተለየ ነገር ጠቅሰው ከእርስዎ ልምድ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቢያሳዩ ግን መልሱ የእርስዎና የእነሱ ብቻ ይሆናል።

የሚከብዱ ጥያቄዎች

«ስለ ራስዎ ይንገሩን» ቀላል የሚመስል ግን ብዙዎችን የሚያሳስት መክፈቻ ነው። ከትውልድ ስፍራ ተነሥቶ እስከ ዛሬ የሚደርስ የሕይወት ታሪክ አልተጠየቁም። አሁን ምን እንደሚሠሩ፣ ወደዚህ ያደረሰዎት ዋና ልምድ ምን እንደሆነ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደፈለጉ በአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይናገሩና ያቁሙ። ከዝግጅትዎ ውስጥ ቃል በቃል ሊያውቁት የሚገባ ነገር ካለ የዚህ መልስ የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ድንጋጤው የሚበረታው በዚያ ቅጽበት ነውና አፍዎ ያለ አእምሮዎ እርዳታ ሊጀምራቸው ይገባል።

ድክመትዎን ሲጠየቁ «ሥራ ስለምወድ ራሴን አደክማለሁ» የሚለው መልስ ከመደጋገሙ የተነሣ ማንንም አያሳምንም። በእርግጥ ያለብዎትን፣ ነገር ግን የሥራውን ዋና ተግባር የማያፈርስ ድክመት ይምረጡና እሱን ለመቆጣጠር የሚያደርጉትን ተጨባጭ ነገር ይናገሩ። «በስብሰባ ላይ ሐሳቤን ቶሎ አልናገርም ነበር፤ አሁን አጀንዳውን ቀድሜ ወስጄ የምለውን በሁለት መስመር ጽፌ እገባለሁ» የሚል ሰው ሁለት ነገር አሳይቷል፤ ራሱን ያውቃል፣ ለሚያውቀውም መፍትሔ ይፈልጋል።

የቀድሞ ሥራዎን ለምን እንደለቀቁ ሲጠየቁ በኃላፊዎ ክፉኛ ተበድለው ቢሆን እንኳ በደሉን እዚያ አይተርኩ። ጠያቂው ግራ ቀኙን የሚሰማበት ዕድል ስለሌለው የሚቀረው የወቀሳው ድምፅ ብቻ ነው። ወደፊት የሚፈልጉትን ነገር ይግለጹ። ከሥራ ተሰናብተው ከሆነም አይዋሹ፤ የሆነውን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ከዚያ ወዲህ ምን እንደለወጡ ያስረዱ። በሲቪው ላይ ያለ የጊዜ ክፍተትም እንዲሁ ነው። ልጅ ማሳደግ፣ ወላጅ ማስታመም፣ መታመም ወይም ሥራ ፈልጎ ማጣት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያጠራጥረው መሸፋፈኑ ነው።

የማያውቁትን ቢጠየቁስ? ቶማስ ኤዲሰን ለሥራ አመልካቾች ያቀርባቸው የነበሩ ከ100 የሚበልጡ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች እ.ኤ.አ. በ1921 በጋዜጣ ወጥተው ብዙ ሲያነጋግሩ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካን ይጎበኝ የነበረው አልበርት አይንስታይን ከጥያቄዎቹ አንዱ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ተጠይቆ፣ በመጻሕፍት በቀላሉ የሚገኝ ነገር በጭንቅላቱ እንደማይዝ መልሷል። ተራ አመልካች እንደ አይንስታይን በዚሁ ማብቃት አይችልም፤ ነገር ግን መንገዱን ማሳየት ይችላል። «ይህን በትክክል አላውቅም» ብለው ይጀምሩ፤ ከጉዳዩ የሚያውቁትን ያህል ይናገሩ፤ ቀሪውን ከየት እንደሚያጣሩ ያክሉ። ጥያቄው ካልገባዎት ደግሞ እንዲደገምልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ከመመለስዎ በፊት ጥቂት ሰኮንዶች ዝም ብለው ቢያስቡም ማንም አይቀየምዎትም፤ ዝምታው ለእርስዎ የሚመስልዎትን ያህል ረጅም አይደለም።

ደመወዝን በተመለከተ ለተመሳሳይ መደብ በገበያው የሚከፈለውን አስቀድመው አጣርተው፣ ቢሰጥዎ የሚቀበሉትን ዝቅተኛውን መጠን ለራስዎ ወስነው ይግቡ። ሲጠየቁ ከዚያ ከፍ ብሎ የሚጀምር እርከን ይናገሩ፤ ዝቅተኛው የእርከኑ ጫፍ ብዙ ጊዜ የድርድሩ መነሻ ስለሚሆን የማይቀበሉትን ቁጥር አይጥቀሱ። ሳይጠየቁ በመጀመሪያው ዙር ማንሣቱን ግን አልመክርም፤ የተፈለጉ መሆንዎ ከታወቀ በኋላ የመደራደር አቅምዎ የተሻለ ነው።

ስለ ትዳር፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ፖለቲካ አመለካከት የሚጠይቅም ያጋጥማል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው 111ኛው ስምምነት በቅጥር ላይ በፆታ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት የሚደረግን አድልዎ የሚከለክል ነው። መብቱ እንዳለ ሆኖ፣ በቦታው ላይ የሚጠቅመው መልስ ከጥያቄው ጀርባ ያለውን የሥራ ስጋት የሚመልስ ነው። «ልጅ ለመውለድ አስበዋል?» ለሚል ጠያቂ «ሥራው የሚጠይቀውን የመስክ ጉዞ ለመፈጸም የሚያግደኝ ነገር የለም» ማለት በቂ ነው። ጥያቄው ከቀጠለ ግን እዚያ ቤት መሥራት ምን ሊመስል እንደሚችል ከወዲሁ አይተዋልና በዚያው መሠረት ይወስኑ።

ጮክ ብሎ መለማመድ

የጻፉትን ደጋግሞ ማንበብ የተዘጋጁ ያስመስላል እንጂ አያዘጋጅም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ግማሾቹ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ግማሾቹ ደግሞ አንብበው ካበቁ በኋላ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት የተሻለ አስታወሱ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጠው ታሪክዎን በድምፅ ይናገሩ፤ የጎደለውን አይተው እንደገና ይናገሩ። በየጊዜው ቃላቱ ቢለያዩ ደስ ይበልዎ፤ የሚፈለገው የነገሩን ቅደም ተከተል መያዝ እንጂ ቃሉን መሸምደድ አይደለም።

ድምፅዎን በስልክ ቀድተው ማዳመጥ ለብዙ ሰው ደስ የማይል ቢሆንም የሚተካው የለም። የሚደጋገም ማያያዣ ቃል፣ መጨረሻው የሚጠፋ ዓረፍተ ነገር፣ ከመጠን በላይ የረዘመ መግቢያ የሚሰማው በቀረጻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራዎን በቅርብ የማያውቅ ሰው ያስቀምጡና ማስታወቂያውን ሰጥተውት እንዲጠይቅዎ ያድርጉ፤ በየመልሱ ላይ «ለምን?» እና «ከዚያስ?» እንዲል ያስጠንቅቁት። ቃለ መጠይቁ በሌላ ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ ልምምዱንም በዚያው ቋንቋ ያድርጉት፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተለማመዱትን በዕለቱ እየተረጎሙ መናገር ከሁሉ የከፋው አድካሚ ነገር ነው።

ፍርሃቱ በልምምድ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ የተደረጉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» እንዲሉ ከተደረጉት የተሻለ ተናግረዋል። የሚመታን ልብ በግድ ጸጥ ለማሰኘት ከመታገል ይልቅ ያንኑ ኃይል ለመናገር ማዋል ይቀላል።

ዕለቱ

የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃዎችን፣ የሲቪውን ተጨማሪ ቅጂዎችና ልብስዎን በዋዜማው ያሰናዱ። አለባበሱ የሥራ ቦታው ሠራተኞች ከሚለብሱት ትንሽ ከፍ ያለና ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ቦታውን የማያውቁት ከሆነ ቀደም ብለው መንገዱን ይዩት፤ ከቀጠሮው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። በር ላይ ላለው ጥበቃና ለእንግዳ ተቀባይዋ የሚያሳዩት አክብሮት ለአለቃው ከሚያሳዩት ያነሰ አይሁን።

በቪዲዮ ለሚካሄድ ቃለ መጠይቅ ብርሃኑ ከፊትዎ እንጂ ከጀርባዎ እንዳይሆን፣ ካሜራው በዓይንዎ ልክ እንዲሆን፣ ማይክሮፎኑም በዚያው ክፍል ውስጥ ተፈትኖ እንዲያድር ያድርጉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ የሚደውሉበትን ስልክ ቁጥር አስቀድመው ይጠይቁ። ጠያቂ ሳይኖር ብቻዎን ለካሜራ የሚመልሱበት ዓይነትም አለ፤ ማንም ስለማይነቀንቅልዎ ድምፅዎ ይሞታልና ከካሜራው ጀርባ የሚያውቁት አንድ ሰው እንዳለ አድርገው ይናገሩ።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለዎት?» መባሉ አይቀርም፤ «የለኝም» ማለት ሥራውን በደንብ እንዳላሰቡበት ያስመስላል። «በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከዚህ መደብ የሚጠበቀው ዋና ውጤት ምንድን ነው?»፣ «ቦታው አዲስ ነው ወይስ የለቀቀ ሰው ነበረ?»፣ «በአሁኑ ጊዜ ክፍሉን በጣም የሚያስቸግረው ምንድን ነው?» የሚሉት ከልብ የሚያስፈልግዎትን መረጃ የሚያስገኙ ናቸው። እርስዎም እየመረጡ ስለሆነ መልሶቹን በጥሞና ያዳምጡ። ውጤቱ መቼና በምን መንገድ እንደሚገለጽም ሳይጠይቁ አይውጡ።

ከክፍሉ እንደወጡ፣ ሳይረሱ፣ የተጠየቁትን ሁሉና የተደናቀፉበትን ቦታ ይጻፉ፤ ሁለተኛ ዙር ካለ ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ይመለሳሉ። በአንድ ቀን ውስጥ አጭር የምስጋና መልእክት ይላኩ፤ ሊልኩት ቃል የገቡት ሰነድ ካለ አብረው ያያይዙት። ምስክር አድርገው ስማቸውን ለሰጧቸው ሰዎች ደግሞ የትኛው ድርጅት ሊደውልላቸው እንደሚችል ነግረው ማስታወቂያውን ይላኩላቸው፤ የተነገረዎት የውጤት ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና ጽፈው ይጠይቁ።